ጫካ የዋጠው ከተማ፦ ሞን ቡቭሬ

ከፓሪስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ በቡርጎኝ ገጠር፣ ሞርቫን የሚባል ደን የበዛበት ኮረብታማ አካባቢ አለ። ከ1970 (እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር) ጀምሮ የተጠበቀ ፓርክ ነው። ፓርክ ሲባል ግን አጥር፣ በርና ቲኬት ቆራጭ አይታሰባችሁ። የፈረንሳይ ክልላዊ የተፈጥሮ ፓርክ ሰው የሚኖርበት ነው። መንደሮቹ በጋራ የስምምነት ሰነድ (ቻርተር) ይፈርማሉ፤ ገበሬው እርሻውን ይቀጥላል፤ ነጫጭ የሻሮሌ ከብቶችም እንደ ልባቸው ይግጣሉ።

እዚያ ከሄዱ የማይታለፈው ሞን ቡቭሬ ነው። ‹ሞን› ማለት ተራራ ቢሆንም ከፍታው 821 ሜትር ብቻ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ደን የለበሰ ተራ ጉብታ ይመስላል። ነገሩ ያለው ከሥሩ ነው። ዛፎቹ የቆሙት ቢብራክት በተባለች ከተማ ላይ ነው።

ቢብራክት ኤዱዊ የሚባሉ የጎል (የጥንቷ ፈረንሳይ) ሕዝቦች ዋና ከተማ ነበረች። የውስጠኛው ቅጥሯ ብቻ 135 ሄክታር ገደማ ያቅፋል። በ52 ከክርስቶስ ልደት በፊት ጎሎች እዚህ ተሰብስበው ቨርሲንጄቶሪክስን በሮም ላይ የሚነሳው ጦር መሪ አደረጉት። እሱ በዚያው ዓመት አሌዢያ ላይ ተሸነፈ። ክረምቱን በቢብራክት ያሳለፈው አሸናፊው ዩልየስ ቄሳር ነው። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ነዋሪው ሜዳ ላይ ወደተቆረቆረችው የሮማውያን ከተማ፣ ወደዛሬዋ ኦታን ወረደ። ኮረብታውን ቀስ በቀስ ዛፍ ወረሰው።

ከተማዋን መልሶ ያገኛት የኦታን ወይን ነጋዴ ነው። ዣክ ጋብሪዬል ቡልዮ በ1867 ቁፋሮ ጀመረ፤ ኋላም ዘመዱ ጆዜፍ ዴሽሌት ተረከበው። ዴሽሌት በ1914 ጦር ሜዳ ላይ ሞተ። ቁፋሮው እንደገና የቀጠለው በ1984 ነው። በአቅራቢያው የሻቶ ሺኖን ከንቲባ የነበሩት የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሚቴራን ለቦታው ልዩ ፍቅር ነበራቸው። እዚሁ መቀበርም አስበው ነበር። ተቃውሞ ተነሳና ቀረ።

ጉብኝቱ የሚጀመረው በ1995 ከተከፈተው ከኮረብታው ግርጌ ካለው ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ ያስከፍላል፤ ኮረብታውን መዞር ግን በነጻ ነው። የርቡ በር በሚባለው በኩል ሲገቡ እንደ ጥንቱ ተደርጎ የተሠራ የቅጥር ክፍል ያገኛሉ፦ ግንድ በግንድ ላይ ተነባብሮ፣ በብረት ሚስማር ተያይዞ፣ ፊቱ በድንጋይ የተሸፈነ። ከፍ ሲሉ በጥንቱ ዋና መንገድ መሀል የጀልባ ቅርጽ ያለው የግራናይት ገንዳ አለ። ለምን እንደተሠራ ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከራሉ።

እኔን ግን ከሁሉም የማረኩኝ ዛፎቹ ናቸው። ቢች የሚባሉት ግራጫ ዛፎች ግንዳቸው ተጠማዝዞ፣ ቅርንጫፋቸው መሬት ለመሬት ሄዶ እንደገና ቀጥ ይላል። የአካባቢው ሰው ‹ኩል› ይላቸዋል። ድሮ ገበሬዎች ለአጥር የጎነጎኗቸው ቁጥቋጦዎች ነበሩ። እርሻው ሲተው የሚቆርጣቸው ጠፋ፤ እንደተጎነጎኑ አደጉ። ችግሩ የዛፎቹ ሥር ነው። ፍርስራሹን ይሰነጥቃል፤ ነፋስ ሲጥላቸው ደግሞ ግንቡን ይዘው ይነሳሉ። ስለዚህ እዚህ ደን መጠበቅ ማለት አንዳንዴ ዛፍ መቁረጥ ነው። በአካባቢው በመስመር የተተከለው የአሜሪካ ጥድ፣ ዳግላስ፣ ሌላ ጭቅጭቅ አለው። ቶሎ ያድጋል፣ እንጨቱም ይሸጣል፤ ግን አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ያለበት ደን ብዙም ሕይወት የለውም።

መኪና ቢኖራችሁ ይሻላል። ጭቃ የሚችል ጫማም ያዙ። ቁፋሮ ማየት የፈለገ በአውሮፓ የበጋ ወራት፣ ከልዩ ልዩ የአውሮፓ አገሮች ተማሪዎች በሚመጡበት ጊዜ ይሂድ፤ ከተቆፈረው ብዙው በኋላ ተመልሶ በአፈር ይሸፈናልና። በኦክቶበር መጨረሻ የሄደ ደግሞ ከግርጌ ባለችው ሴን ሌዤ ሱ ቡቭሬ መንደር ማሮን የሚባል የዛፍ ፍሬ በትኩሱ ተጠብሶ የሚሸጥበት ገበያ ይደርስበታል።