የፋይል ሲስተም ማጣቀሻ አደረጃጀት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኮምቦልቻ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩ ልጆች ስለ ሊኑክስ ፋይል ሲስተም (ፋይሎች የሚቀመጡበትና የሚደራጁበት ሥርዓት) በአማርኛ ማጣቀሻ እያዘጋጁ ነው። ረቂቁን ይዘው ደሴ ድረስ መጡልኝ፤ ፒያሳ ቡና እየጠጣን አየነው። ልፋታቸው ያስመሰግናል። አደረጃጀቱ ላይ ግን ተከራከርን። የያዟቸው ሐሳቦች የእነሱ ብቻ አይደሉም፤ ብዙ ሰው ያምንባቸዋል።

«በፊደል ተራ መደርደር ይበቃል»

አይበቃም። የሊኑክስ ማንዋል፣ ማለትም የአጠቃቀም መመሪያው፣ በቁጥር በተለዩ ክፍሎች የተከፈለ ነው። ተርሚናል ላይ የ«ራይት»ን ማንዋል ያለ ክፍል ቁጥር ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚመጣላችሁ ለሌላ ተጠቃሚ መልእክት የሚልከው ትእዛዝ ነው። ፋይል ላይ የሚጽፈው ሲስተም ኮል፣ ማለትም ፕሮግራም ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ሥራ የሚጠይቅበት ጥሪ፣ ያለው ክፍል 2 ውስጥ ነው። ፋይል ሲስተም የሚያያይዘው «ማውንት»ም እንዲሁ፦ ክፍል 2 ላይ ለፕሮግራመሩ፣ ክፍል 8 ላይ ለሲስተም አስተዳዳሪው ተጽፏል። ስሙ አንድ ቢሆንም አንባቢው ይለያያል። ትእዛዞችን ክፍል 1፣ ሲስተም ኮሎችን ክፍል 2 ማድረግ እ.ኤ.አ. በ1971 ከወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ (የሊኑክስ አርአያ የሆነው ሲስተም) ማንዋል የመጣ ልማድ ነው።

ሦስተኛ አንባቢም አለ፤ ራሱ አዲስ ፋይል ሲስተም የሚጽፈው። እሱ የሚፈልገው ቪኤፍኤስ የሚባለውን፣ ለሁሉም ፋይል ሲስተሞች የጋራ የሆነውን የከርነል ንብርብርና የውስጥ መዋቅሮቹን ነው፦ ሱፐርብሎክ፣ አይኖድ፣ ዴንትሪ፣ ፋይል። ልጆቹ ይህን ሁሉ ከ«ኦፕን» ጋር አንድ ምዕራፍ ውስጥ አጭቀውታል። ፋይል ከፍቶ ማንበብ ብቻ የፈለገ ሰው ስለ ዴንትሪ ምን አገባው?

«ኮሉ ምን እንደሚሠራ ከተጻፈ በቂ ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ረቂቁ «ክሎዝ ፋይሉን ይዘጋል» ይላል። እውነት ነው፤ ግን መረጃው ዲስክ ላይ ደርሷል ማለት አይደለም። ከርነሉ ሚሞሪ ውስጥ አቆይቶ ቆየት ብሎ ሊጽፈው ይችላል። በዚህ መሃል መብራት ድርግም ካለ መረጃው ሊጠፋ ይችላል። ኮምቦልቻ ተቀምጦ ለሚጽፍ ሰው ይህ ተራ ማስታወሻ አይደለም፤ ገጹ አናት ላይ መስፈር አለበት።

መፍትሔው መረጃው ዲስክ ላይ እንዲጻፍ የሚያስገድደው ኮል፣ «ኤፍሲንክ» ነው። እሱም ቢሆን ገደብ አለው። አዲስ ፋይል ፈጥራችሁ ፋይሉን ብቻ «ኤፍሲንክ» ብታደርጉ፣ ስሙ የተመዘገበበት ዳይሬክተሪ ዲስክ ላይ ለመድረሱ ማንዋሉ ዋስትና አይሰጥም። ዳይሬክተሪውንም ለብቻው «ኤፍሲንክ» ማድረግ ያስፈልጋል። «ራይት» ደግሞ ከጠየቃችሁት ያነሰ ባይት ጽፎ ሊመለስ ይችላል። ሊኑክስ ላይ በአንድ ጥሪ ከ2,147,479,552 ባይት በላይ አያስተላልፍም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ ኮሉ ቃል የሚገባውን ብቻ ሳይሆን ቃል የማይገባውንም ይናገር። ስህተቶቹም ራሱን የቻለ ክፍል ይኑራቸው። የጨነቀው ሰው የሚፈልገው በኮሉ ስም ሳይሆን በስህተቱ ኮድ ነው። ዲስኩ ሲሞላ የሚያየው «ኢኖስፒሲ» ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ገጹን ማግኘት አለበት።

«ኮዱ ራሱ ሰነድ ነው»

ይህችን ጎበዝ ፕሮግራመሮች ይወዷታል። በርግጥ የሊኑክስ ከርነል ከኮዱ ውስጥ ካሉ ማብራሪያዎች ሰነድ የሚያወጣ መሣሪያ አለው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ስፊንክስ በሚባለው የሰነድ መሥሪያ ይገነባል። ግን የፋይል ሲስተም ፈንክሽን ሲጠራ የትኛው ቁልፍ (ሁለት ሥራዎች አንድን መረጃ በአንዴ እንዳይነኩ የሚከለክለው) እንደተያዘ ፈንክሽኑን ብቻ አንብባችሁ አታውቁትም። ቁልፉን የያዘው ጠሪው ነዋ! ለዚህ ነው የከርነሉ ሰነድ ስለ ቁልፎች ራሱን የቻለ ፋይል ያለው። ደግሞም ኮድ ዛሬ የሚሆነውን እንጂ ነገም ይሆናል ተብሎ ቃል የተገባውን አያሳይም።

«አንድ ረጅም ገጽ ለፍለጋ ይቀላል»

ከርነሉ ስለ ሲስተሙ መረጃ የሚያሳይበት የ«ፕሮክ» ፋይል ሲስተም ማንዋል ለዓመታት እንደዚያ ነበር፤ ማለቂያ የሌለው። በኋላ አዘጋጆቹ ራሳቸው ለብዙ ትንንሽ ገጾች ከፋፈሉት።

«አንዴ ከተጻፈ አለቀ»

የከርነሉ ሰነዶች ውስጥ በውስጣዊ በይነገጹ ላይ የተለወጠውን ለፋይል ሲስተም ጸሐፊዎች የሚነግር ፋይል አለ። እያንዳንዱ ለውጥ ግዴታ ነው ወይስ ምክር ተብሎ ጭምር ይለያል። ለእኛም ልጆች የሚጠቅማቸው እንዲህ ያለ ነገር ነው።

«ታዲያ ጋሼ፣ ገጹ ላይ ቀን እንጻፍ?» አለኝ አንዱ። ቀን ጻፉ፣ ግን ብቻውን አይረባም። የሞከራችሁበትን የከርነል ቁጥርና የፋይል ሲስተሙን ዓይነት ጨምሩበት አልኩት።