የመኪና ዓመታዊ ምርመራ ምንድን ነው? ምኑስ ነው የሚጥለው?

«የኔ መኪና ምንም የላትም፣ እንደ ወፍ ነው የምትበረው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ምርመራ ላይ ይወድቃል። መብረሯን ማን ጠየቀው? የሞተሩን ጉልበት፣ የነዳጅ ቁጠባዋን፣ ዳገት ላይ መጎተቷን እዚያ የሚያይልህ የለም። የሚታየው በወጉ መቆሟ፣ መሪዋን መስማቷ፣ በጨለማ ማሳየቷና መታየቷ ነው። ጭሷም ይለካል። ዓመታዊ ምርመራ ማለት በአጭሩ ይኸው ነው፤ መኪናዋ አንተንም ሌላውንም እንዳትጎዳ የሚያጣራ ፈተና።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1960 ሲጀምሩት 10 ዓመት የሞላቸውን መኪኖች ብቻ ነበር የሚጠሩት። የሚያዩትም ፍሬን፣ መብራትና መሪ ነበር። ጎማ እንኳ የተጨመረው በ1968 ነው። ዛሬ ዝርዝሩ ረዝሟል፤ ደንቡም ከአገር አገር ይለያያል። ሰው የሚወድቅባቸው ነገሮች ግን ብዙም አልተለወጡም።

ከፍሬን ልጀምር፤ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ነው። መኪናዋን ሲሊንደሮች ላይ ያቆሟታል። አንድ ጥንድ ከግራ ጎማ ሥር፣ አንድ ጥንድ ከቀኙ። ሲሊንደሮቹ ይሽከረከራሉ፣ ጎማውንም ያሽከረክሩታል፤ መኪናዋ ግን ካለችበት ንቅንቅ አትልም። መርማሪው «ቀስ እያልክ ያዝ» ይልሃል። ፍሬን ስትረግጥ ጎማው ሲሊንደሩን ለማቆም ይታገላል። ማሽኑ የሚለካው ያንን ጉልበት ነው። ስክሪኑ ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይወጣሉ።

ታዲያ ቁጥሮቹ ትልቅ ስለሆኑ ብቻ አታልፍም። መቀራረብም አለባቸው። ግራው 2 ኪሎ ኒውተን (የጉልበት መለኪያ ነው) ይዞ ቀኙ 1.2 ብቻ ከያዘ ልዩነቱ 40 በመቶ ነው። በአውሮፓ ደንብ ከ30 በመቶ በላይ ከተለያዩ ወድቀሃል። እንዲህ ያለች መኪና በድንገት ስትያዝ ወደ ጠንካራው ጎን ትስባለች፤ እርጥብ መንገድ ላይ ደግሞ አፍንጫዋን ልታዞር ትችላለች። ባለቤቱ ይህን ላያውቀው ይችላል። እጁ ሳያስበው መሪውን እያቃና ለምዶታል።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ ከጥቃቅን ነገር ነው። የፍሬኑ ፒስተን ዝጎ አልንቀሳቀስ ይላል። ሸራው፣ ማለትም ፍሬን ሲረገጥ ታሽቶ ጎማውን የሚያቆመው ክፍል፣ ዘይት ወይም ግሪስ ይነካዋል። ወይም አንድ ቆጣቢ ባለቤት የግራውን ሸራ ብቻ አስቀይሮ የቀኙን «ገና ነው» ብሎ ትቶታል። ሸራ የሚቀየረው ሁልጊዜ በጥንድ ነው፤ እዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

ቤትህ ሆነህ ማሽኑ ባይኖርህም ፍንጭ ማግኘት ትችላለህ። ባዶ ሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዳህ መሪውን ላላ አድርገህ ያዝና ፍሬን ርገጥ። ወዴት ሳበች? ከዚያ ጥቂት ነድተህ አቁምና እጅህን ወደየቸርኬው ጠጋ አድርግ፤ አትንካው፣ ያቃጥላል። አንዱ ከጓደኛው በጣም ከጋለ ፍሬኑ ይዞ አልለቅ ብሏል ማለት ነው። የእጅ ፍሬንም አይረሳ። ማንሻው እስከ ላይ ድረስ የሚመጣልህ ከሆነ ገመዱ ላልቷል፣ ይጠበቅ።

መብራት ላይ ደግሞ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። አንድ ዓመት ሸራ አስቀይሬ፣ ሁለት አዲስ ጎማ ገዝቼ፣ ሞተሩን ሳይቀር አሳጥቤ ሄድኩ። መርማሪው ከኋላ ዞሮ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ጻፈ። የታርጋ መብራት! ከጣቴ ጫፍ የማትበልጥ አምፖል። ያን ሁሉ ወጪ አውጥቼ በእሷ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ከምርመራው በፊት ባለው ምሽት መኪናዋን ጀርባዋን ወደ ግድግዳ አድርጌ አቆማለሁ። ፍሬን ስረግጥ ግድግዳው በሁለቱም በኩል ቀልቶ መታየት አለበት። የኋላ ማርሽ ሳስገባ ነጩ ይበራል። ፍሬቻው ከወትሮው ፈጠን ብሎ ከመታ አንዱ አምፖል ተቃጥሏል ማለት ነው። ከዚያ አዙሬ የፊቱን አያለሁ። አጭሩ መብራት በ10 ሜትር ርቀት ላይ ከፋኖሱ ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ቢያርፍ ደህና ነው። ከኋላ ጭነት ካለ አፍንጫዋ ቀና ስለሚል መብራቱም ቀና ይላል፤ ስለዚህ ዕቃ ማስቀመጫውን ባዶ አድርጋችሁ ሂዱ።

ጎማ ላይ መለኪያው ራሱ ጎማው ውስጥ አለ። ጥርሶቹ መሀል ባሉት ቦዮች ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች ታያላችሁ። ብዙ አገሮች ዝቅተኛው የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው ይላሉ፤ ጉብታዎቹም የተሠሩት በዚያው ልክ ነው። ጥርሱ ከጉብታው እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። መሪውን አዙራችሁ የውስጠኛውን ጠርዝ ማየትም አትርሱ። አላይመንቷ (የጎማዎቿ አቅጣጫ) የተበላሸ መኪና ጎማዋን ከውስጥ በኩል ስትበላው ከውጭ ደህና ይመስላል። ጎኑ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ደግሞ የተመረተበትን ጊዜ ይናገራሉ። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት ነው።

ከሥር ያለውን መካኒክ ቢያየው ይሻላል። የመሪና የጎማ መጋጠሚያዎቹ (ቴስቲናው፣ ጆይንቱ)፣ የተቀደደ ጎሚኒ (ላስቲክ)። ራሳችሁ መሞከር ካማራችሁ ግን ክሪክ ብቻውን አይታመንምና ድጋፍ አስገቡበት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት፣ ከዚያ በግራና በቀኝ። «ቀጭ» ካለ ነገር አለ።

ወደ ጭስ ስንመጣ፣ ጥሩ መኪና በስንፍና የሚወድቀው እዚህ ነው። የጭስ ማጣሪያው ካታሊስት ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ካልሞቀ በወጉ አይሠራም። ጠዋት ከቤት አስነስተህ አጠገብህ ወዳለው ጣቢያ ብትገባ የምታስለካው ያልተጣራ ጭስ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ነድተህ ግባ። ወረፋ ላይ ሞተሩን አጥፍተህ ረጅም ሰዓት ከቆየህም ያው ይቀዘቅዛል።

አንድ የተለመደ ብልጠት አለ። የቼክ ኢንጂን መብራት የበራበት ሰው ጠዋት ባትሪውን ነቅሎ መልሶ ይሰካና መብራቷ ትጠፋለች። የመኪናዋን ኮምፒውተር በማያነቡ ቦታዎች ያልፍ ይሆናል። በሚያነቡት ዘንድ ግን ኮምፒውተሩ ያጋልጠዋል። ባትሪ ሲነቀል ራሱን የመረመረበት መዝገብም አብሮ ስለሚጠፋ «ምርመራዬን ገና አልጨረስኩም» ይላል። ለመጨረስ አንዳንዴ የቀናት መንዳት ይፈልጋል። አምፖሏን የሚያወጡም አሉ። ቁልፉ ሲከፈት መብራቶቹ ሁሉ ለአፍታ መብራት እንዳለባቸው መርማሪው ያውቃል፤ ያልበራችውን ነው ቀድሞ የሚያያት።

ክላክስ፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ ቀበቶ፣ ስፖኪዮ፦ አምስት ደቂቃ አይፈጁም፣ እዩዋቸው። የሻንሲ ቁጥሩ (አካሏ ላይ የተመታው የመኪናዋ መለያ) ያለበትንም ቦታ በጨርቅ ጥረጉት፤ በጭቃና በግሪስ ተሸፍኖ ሊነበብ ያልቻለ ቁጥር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ካለፋችሁ በኋላ የውጤቱን ወረቀት አትጣሉት። የፍሬኑ ቁጥሮች እዚያ ላይ አሉ። እኔ ያለፈውን ዓመት ከዘንድሮው ጎን አስቀምጬ ሳይ የኋላው ግራ ፍሬን ከቀኙ 9 በመቶ የነበረው ልዩነት 21 ሆኗል። አልፌያለሁ። ግን መካኒኩ ዘንድ የምሄደው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።