«ሥልጠና ማለት አበል ነው»፦ ስለ ጤና ኃላፊዎች ሥልጠና የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጅማ ላይ የጤና ሥራ አመራር ሥልጠና ተዘጋጀ ሲባል ከሰልጣኙ ቀድሞ ወሬው ይደርሳል። ማን ተላከ? ስንት ቀን ነው? አበሉስ? እኔ ጤና ጣቢያ መርቻለሁ፣ ሰልጥኛለሁ፣ አሁን ደግሞ አሰለጥናለሁ። ከዚህ በታች ከማነሳቸው አመለካከቶች ቢያንስ ሁለቱን ራሴም አምኜባቸው ነበር።

«ጎበዝ ሐኪም ጎበዝ ኃላፊ ይሆናል»

ሆስፒታሎቻችንን ለረጅም ጊዜ ይመሩ የነበሩት ሜዲካል ዳይሬክተሮች ናቸው፤ ጠዋት በሽተኛ፣ ከሰዓት የግዥ ኮሚቴ። በሆስፒታል ሪፎርሙ የዋና ሥራ አስፈፃሚ መደብ ሲፈጠር ሁለቱ ሥራዎች ተለያዩ። ጅማ ዩኒቨርሲቲም በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ ከየል ዩኒቨርሲቲና ከክሊንተን ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ በሆስፒታል አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት የጀመረው ለዚሁ ነው። ተማሪዎቹ ሥራ ላይ ያሉ የሆስፒታል ኃላፊዎች ነበሩ፤ የተወሰነ ጊዜ ክፍል ገብተው ወደየሆስፒታላቸው ይመለሱና የተማሩትን እዚያው ይሞክሩታል። ሐኪም ፊቱ ያለው በሽተኛ ላይ ነው የሚያተኩረው፣ የተማረውም እንደዚያ ነው። ኃላፊ ግን ወረፋው ሰልችቶት ሳይታከም የሄደውንም ሰው መቁጠር አለበት። ይሄ ከጋዋኑ ጋር አብሮ አይለበስም።

«ችግሩ በጀት ነው፤ ሥልጠና ብር አያመጣም»

ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ የተማርኩት አፍሬ ነው። ጤና ጣቢያ ስመራ «መድኃኒት የለም» እያልኩ ደብዳቤ በደብዳቤ አደርግ ነበር። አንድ ቀን ከፋርማሲ ባለሙያዋ ጋር መጋዘን ገብተን ካርቶን ስናነሳ ከሥር የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ወጣ፤ ጊዜው አልፎበታል። የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ እጅ ካረፈ ከርሟል። ባለሙያዋ ምንም አላለችም፣ ካርዱን ብቻ አቀበለችኝ። በአገሪቱ የመድኃኒት አቅርቦት ሥርዓት ጤና ጣቢያ በየሁለት ወሩ ሪፖርትና ጥያቄ ይልካል፤ ክምችቱም ከ2 ወር ፍጆታ እንዳያንስ፣ ከ4 ወር እንዳይበልጥ ይጠበቃል። ያንን ቅጽ በየሁለት ወሩ የምፈርመው እኔው ነበርኩ፤ አንብቤው አላውቅም እንጂ።

የውስጥ ገቢም እንዲሁ ነው። በጤና ፋይናንስ ሪፎርሙ መሠረት ተቋማት ከታካሚ የሚሰበስቡትን ገንዘብ ይዘው፣ በቦርድ እያስጸደቁ አገልግሎታቸውን ያሻሽሉበታል። ቦርዱ ካልተሰበሰበ ገንዘቡ ባንክ ይተኛል፤ ኃላፊው ደግሞ «በጀት የለም» ይላል።

«ሪፎርም ከላይ በመመሪያ ይወርዳል»

ይህን በሚሉ ሰዎች አልፈርድም። የአሠራር ማሻሻያ እየተባለ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ፤ አንዱ ፖስተር ከግድግዳው ሳይላቀቅ ሌላው ተለጠፈበት። የሆስፒታል ሪፎርም መመሪያው በ2010፣ የሆስፒታል አገልግሎት ትራንስፎርሜሽን መመሪያው ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ወጥተዋል፤ ጥሩ ሰነዶች ናቸው። የካርድ ክፍልን ሰልፍ ግን ሰነድ አያሳጥረውም።

አንድ የሰልጣኞች ቡድን ለፕሮጀክት የመረጠው ይህንኑ ሰልፍ ነበር። ክፍል ውስጥ ምክንያቱን ስንጠይቃቸው «የሰው ኃይል እጥረት» አሉ፤ ምን ጊዜም የመጀመሪያው መልስ እሱ ነው። ወደ ጤና ጣቢያቸው ተመልሰው ለሦስት ቀን በር ላይ ቆሙና እያንዳንዱ ታካሚ የገባበትንና ካርዱ የወጣለትን ሰዓት መዘገቡ። ለምን ይዘገያል? ካርዱ ስለማይገኝ። ለምን አይገኝም? ሰውየው ባለፈው የተመዘገበው በሌላ ስም ስለሆነ። ለምን በሌላ ስም? በጅማ ገጠር አንድ አባወራ አንድ ቀን በመዝገብ ስሙ፣ ሌላ ቀን ሰፈሩ በሚጠራው «አባ እንትና» ይመጣል። በዚያ ላይ አንዱ ሠራተኛ በቁቤ (በላቲን ፊደል)፣ ሌላው በግዕዝ ፊደል ይጽፋል። አንድ ሰው መደርደሪያው ላይ ሦስት ሰው ሆኖ ተቀምጧል! ስም በአንድ ዓይነት ፊደል እንዲጻፍ፣ የአያት ስምና ቀበሌ ሳይጠየቅ አዲስ ካርድ እንዳይወጣ፣ ታካሚው ቁጥሩን በትንሽ ካርድ ይዞ እንዲሄድ ተስማሙ። ቅጥር አላስፈለገም።

«ሥልጠናው ለኃላፊው ብቻ ነው»

የስሙን ጉዳይ የነገረን ካርድ ክፍል የሚሠራው ልጅ ነው። ኃላፊው ብቻውን መጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬም «የሰው ኃይል እጥረት» ላይ ነበርን።

«ሪፖርት ለዞን ነው»

የጤና ሪፖርት ወር በ20 ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ጤና ጣቢያ የሠራ ያውቃቸዋል። ቁጥሩ ዲኤችአይኤስ2 (የጤና መረጃ የሚገባበት የኮምፒውተር ሥርዓት) ላይ ከገባ ሁሉም እፎይ ይላል፣ ዞሮ የሚያየው የለም። አንዳንዴ የክትባት ሽፋን ከመቶ በመቶ በላይ ሆኖ ይመጣና ይጨበጨብለታል። ማካፈያው፣ ማለትም መከተብ ያለባቸው ሕፃናት ብዛት፣ ግን በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝብ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ የተገመተ ቁጥር ነው፤ ከጎረቤት ቀበሌ የመጣ ሕፃንም እዚያው ተቆጥሯል። የሰለጠነ ኃላፊ ከማጨብጨቡ በፊት መዝገቡን ያስከፍታል፤ ከሪፖርቱ 12 ቁጥሮች በዕጣ መርጦ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

«ሥልጠና ማለት አበል ነው»

ሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ ካለቀ፣ አዎ፣ ያው አበል ነው። ዋናው ሥራ ያለው በሁለት ሥልጠናዎች መካከል ነው፦ ቡድኑ የመረጠውን ችግር ይዞ ሲታገል ሜንተሩ (የሚያማክራቸው አሰልጣኝ) ሄዶ አብሮት ሲያይ። እኛም ይህንን ሳንሠራ ሠርተፊኬት ብቻ ያደልንባቸው ዙሮች ነበሩ፤ የተለወጠ ነገር አላየሁባቸውም።

«የጤና መድን መዋጮ የቀበሌ ሥራ ነው»

የጅማ ዞኑ ሊሙ ኮሳ ወረዳ በ2011 እ.ኤ.አ. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ስለነበር ጉዳዩ ለዞናችን አዲስ አይደለም። መዋጮው ቡና ተሸጦ እጅ ላይ ብር ሲኖር ይሰበሰባል፤ ያንን ቀበሌው ሊሠራው ይችላል። በዓመቱ የሚታደሰው ግን አባሉ ጤና ጣቢያ ሄዶ ባገኘው ነገር ነው። ባለፈው ሥልጠና ላይ አንዲት የወረዳ ባለሙያ አባልነታቸውን አላድስም ያሉ አንድ አዛውንት የነገሯትን አነበበችልን፦ «ቡናዬን ሸጬ ከፈልኩ። ልጄ ሲታመም መድኃኒቱን ከውጭ ግዙ አላችሁኝ። ዘንድሮ ቡናዬም መድኃኒቴም እኔው ጋ ይሁኑ።» የመጋዘኑ ቢን ካርድ እንዲመጣ ጠየቅንና ከዚያ ጀመርን።