ዪዲሽ ምንድን ነው? ፊደሉን አይቶ ለሚፈርድ

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተንታኝ «ዪዲሽ ማለት አይሁዶች በየቤታቸው የሚያወሩት ዕብራይስጥ ነው» ሲል ሰማሁት። ማስረጃው ፊደሉ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፣ አሌፉም ቤቱም የዕብራይስጥ ነው፣ እንግዲህ ቋንቋውም ያው ነው ይላል። ቋንቋ ማጥናት እንጀራዬ ነውና ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ዛሬስ አላልፈውም።

ፊደል ቋንቋ አይደለም። ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት ባላስፈለገ ነበር። ግዕዝም አማርኛም ትግርኛም በአንድ ፊደል ይጻፋሉ፤ ዳዊት አቀላጥፎ የሚያነብ፣ ትርጉሙን ግን የማያውቅ ሰው በየሰፈሩ አለ። ዪዲሽም እንዲሁ ነው። ዕብራይስጥ ብቻ የሚያውቅ ሰው የዪዲሽ ጋዜጣ ቢሰጡት ፊደሉን ይለያል፣ አልፎ አልፎ የሚያውቀውን ቃል ያገኛል፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን አይገባውም። የዪዲሽ አጥንቱ፣ ማለትም ሰዋስዉና አብዛኛው ቃሉ፣ ጀርመናዊ ነውና። ከዕብራይስጥ የመጣ ቃል እንኳ ግስ ሲሆን የሚረባው በጀርመንኛ ወግ ነው፤ ሌባ ከሚለው «ጋናቭ» ተነስቶ «ኢኽ ጋንቨ» (እሰርቃለሁ)፣ «ዱ ጋንቨስት» (ትሰርቃለህ) ይላል።

ምሳሌውን ትንሽ ልግፋበት። እኛ ሥላሴን በንጉሡ ሠ፣ ዓለምን በዐይኑ ዐ የምንጽፈው ጆሯችን ልዩነት ሰምቶ አይደለም፤ የግዕዙን አጻጻፍ ጠብቀን ነው። ዪዲሽም ሞክሼ ፊደላት አሉት። ኼትና ታቭ የሚባሉት ፊደላት የሚገቡት ከዕብራይስጥና ከአራማይክ በመጡ ቃላት ነው፤ ሌላው ቃል እንደ ድምፁ ይጻፋል፣ አናባቢዎቹም በአሌፍ፣ በዐይንና በመሳሰሉት ይሞላሉ። የሰንበትን ስም እንውሰድ። ሲነበብ «ሻበስ» ነው፤ ሲጻፍ ግን እንደ ኦሪቱ ሺን፣ ቤት፣ ታቭ፣ ሦስት ፊደል ብቻ። በሶቪየት ኅብረት ይህ ቀርቶ እንደ ድምፁ ሺን፣ አሌፍ፣ ቤት፣ ዐይን፣ ሳሜኽ ተብሎ እንዲጻፍ ተደረገ። «ሞክሼዎቹ ይቀነሱ፣ አይቀነሱ» የሚለውን የእኛን ክርክር የሚያውቅ ሰው፣ አንዲት ታቭ መነሳቷ ለምን ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይገባዋል።

የአብነት ተማሪ ግዕዙን አንብቦ ትርጓሜውን «አንድም» እያለ በአማርኛ እንደሚያወርደው፣ በምሥራቅ አውሮፓ «ኼደር» (የሃይማኖት ትምህርት ቤት) የገባ የአይሁድ ልጅም ኦሪቱን በዕብራይስጥ ቃል በቃል ያነብና ፍቺውን በዪዲሽ ይለዋል። ፍቺው «ታይች» ይባላል፤ የቃሉ መነሻ «ጀርመንኛ» ማለት ነበር። ዕብራይስጡ «ሎሽን ኮይደሽ» ነው፣ ቅዱስ ልሳን፤ ዪዲሹ «ማመ ሎሽን»፣ የእናት ልሳን። ክፍፍሉ ቃላቱ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። የሃይማኖት መጽሐፍ በዕብራይስጡ ቃል «ሴይፈር» ይባላል፤ ልብ ወለድ ወይም የሒሳብ መጽሐፍ ግን በጀርመንኛው «ቡኽ» ነው። ምኩራቡ ደግሞ «ሹል» ይባላል፣ ትምህርት ቤት ከሚለው ቃል፤ የሚጸልዩበትም የሚማሩበትም ቤት አንድ ስለነበረ።

ምሳሌው የማይሄድበት ቦታም አለ። ግዕዝና አማርኛ ሁለቱም ሴማዊ ናቸው (ግዕዝ የአማርኛ እናት ነው የሚለው ግን ልክ አይደለም፤ ዘመዳሞች ናቸው)። ዕብራይስጥና ዪዲሽ ግን በዘር አይገናኙም።

እዚህ ላይ ያ ተንታኝ «እንግዲያውስ የተበላሸ ጀርመንኛ ነው» ማለቱ አይቀርም። ከየትኛው ጀርመንኛ ነው የተበላሸው? በራይን ወንዝ ዳር ባለችው በዎርምስ ምኩራብ ያገለገለ፣ እ.ኤ.አ. በ1272 የተጻፈ የበዓል ጸሎት መጽሐፍ አለ። በትልልቁ በተሣለ የዕብራይስጥ ቃል ፊደላት ባዶ ሆድ ውስጥ አንድ ቤት የሚመታ መስመር ተጽፏል፤ መጽሐፉን ተሸክሞ ወደ ምኩራብ ለሚወስደው ሰው መልካም ቀን ይመኛል። መስመሩ ጀርመናዊ ሆኖ «መጽሐፉ» እና «ምኩራቡ» ግን በዕብራይስጥ ናቸው። የዛሬውን የጽሑፍ ጀርመንኛ በመቅረጽ ስሙ የሚነሳው ሉተር እንኳ መጽሐፍ ቅዱስን በጀርመንኛ አሟልቶ ያሳተመው በ1534 ነው። የዪዲሽ ቅይጥ ወጉ ከዚያ በፊት 262 ዓመት ቀድሞ በጽሑፍ ይታያል። ኋላ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ከስላቭ ቋንቋዎች «ዘይደ»ን (አያትን) ጨመረ፤ «ቤንችን» (መባረክ) ደግሞ ከላቲን ዘር የመጣ ነው።

«የአይሁዶች ቋንቋ» መባሉም ቅር ያሰኘኛል፤ ምንም እንኳ «ዪዲሽ» የሚለው ስም ራሱ «አይሁዳዊ» ማለት ቢሆንም። የአሽከናዚዎች፣ ማለትም መነሻቸው ጀርመንና ምሥራቅ አውሮፓ የሆነ አይሁዶች፣ ቋንቋ ነው። ከስፔን የተባረሩት ከስፓኒሽ የወጣውን ላዲኖ ይናገሩ ነበር፤ የየመኖቹ ዐረብኛ። የቤተ እስራኤል ጸሎት በግዕዝ፣ የቤታቸው ወሬ በአማርኛና በትግርኛ ነበር፤ ቀደም ሲል በአገውኛም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ዪዲሽን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ይናገረው ነበር፤ ናዚዎች ከገደሏቸው 6 ሚሊዮን አይሁዶች አብዛኞቹ አፋቸውን የፈቱት በዚሁ ነው። ዛሬ ልጆች በዪዲሽ አፋቸውን የሚፈቱት በዋናነት ሐሲዲም በሚባሉ አጥባቂ አይሁዶች ሰፈሮች ነው፤ በብሩክሊን፣ በአንትወርፕ፣ በለንደን፣ በኢየሩሳሌም።

«የአይሁዶች ቋንቋ» በሚለው የዪዲሽ ጠበቆችም እንኳ ተከራክረውበታል። እ.ኤ.አ. በ1908 በቼርኖቪትስ፣ ዛሬ ዩክሬን ባለችው ከተማ፣ ጉባኤ ተቀምጠው «ብቸኛው ብሔራዊ ቋንቋችን ነው» በሚሉና ዕብራይስጥን አንተውም በሚሉ ሰዎች መካከል ብዙ ሙግት ሆነ። በመጨረሻ ያጸደቁት ዪዲሽ ከአይሁድ ሕዝብ ብሔራዊ ቋንቋዎች አንዱ መሆኑን ነው።