ለበጎ አድራጎት እርዳታ መጠየቅ ለምን ያስፈራል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በበጎ አድራጎት ሥራ ላይ ከተሰማሩ ወገኖቻችን መካከል ሌሊቱን ሙሉ ሕሙማንን ሲያስታምሙ የማይታክቱ፣ የአንድ ነጋዴ ቢሮ በር ላይ ሲደርሱ ግን እግራቸው የሚተሳሰርባቸው ብዙ ናቸው። ይህ ፍርሃት ከስንፍና የመጣ ሳይሆን ከሚከተሉት የተሳሳቱ አመለካከቶች የሚመነጭ ነው።

«መጠየቅ ልመና ነው፤ ክብርን ዝቅ ያደርጋል»

እውነታው፦ ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ወላጅ ላጡ ሕፃናት፣ የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል መሥራች ቢኒያም በለጠ ደግሞ ጎዳና ላይ ለወደቁ ወገኖች ሲሉ ለዓመታት በአደባባይ ጠይቀዋል። ሕዝቡ ያከበራቸው በሥራቸው ነው፤ መጠየቃቸውም ከዚያ ክብር ያጎደለው ነገር የለም። ይሉኝታው የሚያይለው ጠያቂው ጉዳዩን የራሱ ጉዳይ አድርጎ ሲያስብ ነውና፣ ከመግባቱ በፊት የሚጠይቅላቸውን ሰዎች በዓይነ ሕሊናው ማየቱ ይረዳዋል።

«የገንዘቡን መጠን መጥቀስ ድፍረት ነው»

እውነታው፦ ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ አመለካከት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ፍርሃቱ ጥያቄውን ራሱን ያበላሸዋል። «ድርጅታችን ለሚያከናውነው በጎ ተግባር የተለመደ ትብብርዎን በትሕትና እንጠይቃለን» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በጸሐፊዋ በኩል ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ሥራ አስኪያጁ ለምን፣ ስንት፣ እስከ መቼ እንደተጠየቀ ስለማያውቅ ወይ ለስሙ ያህል ጥቂት ይሰጣል፣ ወይ «ወደፊት እናያለን» ብሎ ያስቀምጠዋል። በአንጻሩ «የምንጦራቸው ሃያ አረጋውያን የአንድ ወር ምሳ ይህን ያህል ብር ይፈጃል፤ ግማሹን እርስዎ እንዲሸፍኑልን ልንጠይቅዎት መጥተናል» ያለ ሰው ለጋሹን አላስጨነቀውም፤ ሊወስን የሚችልበትን ነገር ሰጠው እንጂ። መጠኑን ከተናገሩ በኋላ ዝም ብሎ መልስ መጠበቅም ያስፈልጋል። የፈራ ሰው ግን ያችን አጭር ዝምታ መታገሥ አቅቶት «ካልተመቸዎት ግን ችግር የለውም» ብሎ ይጨምርና፣ ለጋሹ ገና እያሰበ ሳለ በሩን በገዛ እጁ ይዘጋዋል።

«እምቢ ካለኝ ፊት ነሳኝ ማለት ነው»

እውነታው፦ እምቢታ ብዙ ጊዜ የወቅት ጉዳይ ነው። በአገራችን የመንግሥትም ሆነ የብዙ ድርጅቶች የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ፣ በሰኔ «በጀት አልቋል» የሚል መልስ ያገኘ ጠያቂ የአዲሱ በጀት ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት ቢቀርብ ኖሮ ሌላ መልስ ሊያገኝ ይችል ነበር። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ደግሞ የግብር ዓመቱ የሚዘጋበት የፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ የመስጫ ወቅት ነው፤ ስጦታው ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ የሚቀነሰው ግን በዚያች አገር ሕግ ለታወቀ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሰጥ ብቻ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ስለዚህ እምቢ የተባለ ሰው አመስግኖ «መቼ ብመለስ ይመችዎታል?» ብሎ ቢወጣ ቀጠሮ ይዞ የመውጣት ዕድል አለው።

«የሚሰጠው ሀብታም ብቻ ነው»

እውነታው፦ ዶክተር በላይ አበጋዝ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት የጀመሩት ጥረት በየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ያዋጡትን ብር ጭምር ይዞ የተራመደ ነው። ባለሀብት ፊት መቅረብ የሚያስፈራው ሰው ከዕድሩ፣ ከሥራ ባልደረቦቹና ከሰፈሩ ሰዎች መጀመር ይችላል።

«ገንዘቡ የት እንደሚገባ ከጠየቀኝ ተጠራጥሮኛል»

እውነታው፦ የሚጠይቅ ለጋሽ ለመስጠት የተቃረበ ለጋሽ ነው፤ የማይሰጥ ሰው ስለ ሂሳብ አይጨነቅም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሦስተኛ ወገኖች ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ በላይ ለአስተዳደራዊ ወጪ እንዳያውል ይከለክላል። ይህን የሚያውቅ፣ የምዝገባ የምስክር ወረቀቱንና ያለፈውን ዓመት የኦዲት ሪፖርት በቦርሳው ይዞ የገባ ሰው ጥያቄው ሲነሳ አይደናገጥም፤ ሰነዶቹን አውጥቶ ያሳያል። ገንዘቡን ሲቀበልም ሕጋዊ ደረሰኝ እዚያው ይቆርጣል፤ በወሩ መጨረሻ ደግሞ ምሳው መቅረቡን የሚገልጽ አጭር የምስጋና ደብዳቤ ይልካል።