«ለሃጩ ቆመ፣ እንግዲህ ተርፏል»

ፀረ-ተባይ የጠጣ ወይም የተረጨበት ሰው ባለበት ሁሉ ይህ አባባል አይጠፋም። ቤተሰብ ብቻ ቢለው ይቅር ይባላል፤ ነጭ ገዋን የለበሰም ይለዋል።

ትንንሾቹን የተሳሳቱ እምነቶች ቶሎ እንለፋቸው። ወተት ማርከሻ አይደለም፤ ራሱን ያልቻለ ሰው በግድ ሲጋት ወደ ሳንባው ይገባበታል። ጣት ከቶ ማስመለስም ያው ነው። «ካልጠጣው አይጎዳውም» ለሚሉ፦ ማላታዮንና ዳያዚኖን የሚባሉት ፀረ-ተባዮች በቆዳም ይገባሉ። ጓንት አጥልቃችሁ ልብሱን አውልቁ፣ ፀጉሩን ጨምሮ በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡት፣ ዕቃውን ከነጽሑፉ ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ለሃጩን የሚያደርቀው መድኃኒት፣ አትሮፒንም ለሁሉም መርዝ አይሠራም፤ ለእህል ማከማቻ የሚገባው የፎስፊን ጡባዊ ሌላ ጉድ ነው።

ወደ ለሃጩ እንመለስ። ነርቭ ጡንቻን የሚያዘው አሴቲልኮሊን በሚባል ኬሚካል ነው፤ ትእዛዙ እንደደረሰ ኮሊንኢስተሬዝ የተባለው ኢንዛይም ኬሚካሉን ያፈርሰዋል። ማላታዮንና ዘመዶቹ ይህን ኢንዛይም ስለሚያስሩ ትእዛዙ ማቆሚያ ያጣል፦ ላብና ለሃጭ ይጎርፋል፣ ሳንባ በፈሳሽ ይሞላል፣ የዓይን ብሌን ይጠባል፣ ጡንቻ ከቆዳ ሥር ሲርገበገብ ቆይቶ ይዝላል። አትሮፒን ፈሳሹን ያደርቃል፣ የልብ ምትንም ያነሣል። ነርቭ ከጡንቻ የሚገናኝበትን ቦታ ግን አይነካም። የለሃጩ መድረቅ የሚናገረው ስለ አትሮፒኑ እንጂ ስለ ጡንቻው አይደለም!

ብዙ ጊዜ ከ24 እስከ 96 ሰዓት ባለው ውስጥ፣ ነቅቶ ሲያወራ የነበረው ሰው አንገቱ ይከዳዋል፤ ቀጥሎ ትከሻና ዳሌው፣ ከዚያም መተንፈሻ ጡንቻዎቹ። ስለዚህ በየጥቂት ሰዓቱ በጀርባው አስተኝታችሁ ራሱን ከትራስ ቀና አድርጎ እንዲይዝ ጠይቁት። በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብሎ ይቁጠር፤ ጠዋት እስከ 25 የቆጠረ ማታ ሲቆጥር ቁጥር 12 ላይ ካቆመ የመተንፈሻ ማሽን ያለበት ክፍል አሁኑኑ ይፈለግ። ጣት ላይ የሚታሰረውን የኦክስጅን መለኪያ አትጠብቁ፤ ቁጥሩ የሚወርደው ዘግይቶ ነው። በማሽን ከታገዘ አብዛኛውን ጊዜ ጡንቻው በቀናት ወይም በሳምንታት ይመለሳል።

«ፕራሊዶክሲም ወስዷል» ማለቱም ዋስትና አይሆንም። ይህ መድኃኒት መርዙን ከኢንዛይሙ የሚፈታ ነው። ነገር ግን መርዝና ኢንዛይም ተጣብቀው ሲቆዩ ማሰሪያው ይጠነክራል፦ በማላታዮን ዓይነቱ ግማሹ በ4 ሰዓት ገደማ፣ በዳያዚኖን ዓይነቱ በ33 ሰዓት ገደማ። ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱ የሚፈታው ጥቂት ነው።

ከ1 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ባቱን የሚቆረጥመው፣ እግሩ የሚደነዝዘው፣ ሲራመድ የእግሩ ጣቶች መሬት የሚጎትቱበትም አለ። ይህኛው የነርቭ ዘንጉ ራሱ ተጎድቶ ነው፤ አትሮፒን መጨመር ምንም አይፈይድም፣ የቁርጭምጭሚት ድጋፍና ፊዚዮቴራፒ ይሻላል።