ባቡሩ ወደ ቀይ መብራት የሚነዳው ለምንድን ነው?

በኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ቀይ መብራት ሁልጊዜ «ከፊት ባቡር አለ» ማለት አይደለም። በቁልቁለትና በኩርባ ላይ ያሉት «ጂቲ» (ግሬድ ታይም፣ ማለትም ፍጥነትን በሰዓት ቆጣሪ የሚገድቡ) ምልክቶች ሀዲዱ ባዶ ሆኖም ቀይ ይበራሉ። ባቡሩ ከምልክቱ በፊት ያለውን የሀዲድ ክፍል ሲረግጥ ሰዓት ቆጣሪ ይነሳል፤ የተመደበው ጊዜ ሲሞላ ቀዩ ይለቃል። ክፍሉ 90 ሜትር፣ ገደቡም በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ቢሆን ቆጣሪው 10 ሰከንድ ገደማ ይጠብቃል። ስለዚህ የሚለካው አማካይ ፍጥነት ነው።

ቀድሞ የደረሰ ባቡር ግን ከሀዲዱ ጎን የቆመ ክንድ ከሥሩ ያለውን ቫልቭ መትቶ የአደጋ ፍሬኑን ያስይዘዋል። ይህ ለሾፌሩ ተጠያቂነት ያመጣል፤ ቆጣሪው ዘግይቶ የሚለቅ ከሆነ ደግሞ ሕጉን ያከበረም ይያዛል። ታዲያ በ32 ፈንታ በ25 ቢነዳ ማን ይፈርድበታል?

በ1995 በዊሊያምስበርግ ድልድይ ላይ አንዱ ባቡር ሌላውን ከኋላ ገጭቶ ሾፌሩ ከሞተ በኋላ ቆጣሪዎቹ በዙ። በየጣቢያው የሚቆመው ባቡር ብዙም አይሰማውም፤ ፈጣኑ ግን ጣቢያ እየዘለለ ያተረፈውን ሰከንድ እዚህ ይመልሳል። በ2018 የተዛቡትን ቆጣሪዎች የመፈተሽና የማስተካከል ሥራ ተጀመረ።